ጨጓራ እና የሚያረካ ማብራሪያ

«ጨጓራህን የሚያቃጥልህ ስለምትጨነቅ ነው፤ በርበሬውን ቀንስ፣ ቡናውን ተው፣ ነገር አታብሰልስል።» ይህን ምክር ያልሰማ የጨጓራ ሕመምተኛ በአገራችን አለ ብዬ አላምንም። ምክሩ የጎረቤት ወሬ ብቻም አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስለትን በዚሁ መንገድ ነበር የሚያስረዱት፦ ጭንቀት አሲድ ያበዛል፣ አሲዱ ግድግዳውን ይበላል።

ማብራሪያው እንከን አይወጣለትም። የተጨነቀ ሰው ሲታመም «ይኸው!»፤ የማይጨነቅ ሲታመም «በሆዱ ይዞት ነው»። አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ወስዶ ይሻለዋል፣ ሲያቆም ቁስሉ ይመለሳል፤ ለዚህም «ጭንቀቱ መቼ ለቀቀው?» የሚል መልስ አለ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ለሁሉም ነገር መልስ ያለውን ሐሳብ ጠንካራ እንለዋለን፤ የት ቦታ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል የማይነግረን ማብራሪያ ግን ገና ምንም አላለም።

«ካሉት ማብራሪያዎች የተሻለው እውነት ነው» የሚሉ ፈላስፎች አሉ። ካሉት? ማን የሰበሰባቸው? በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ ባክቴሪያ ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። ከተሳሳቱ ምርጫዎች መካከል ምርጡ ያው ስሕተት ነው።

አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ሐኪሙ ሮቢን ዋረን ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ማየት ጀመረ። ባልደረባው ሐኪም ባሪ ማርሻል ደግሞ በ1982 ሊያሳድገው ሞክሮ ሞክሮ፣ በፋሲካ በዓል ሳቢያ ሳህኖቹ ከተለመደው በላይ ሲቆዩ ባክቴሪያው አደገለት። የገጠማቸው ተቃውሞ ሌላ ያማረ ማብራሪያ ነበር፦ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም! በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ አስመለሰው፣ ጨጓራውም ተቆጣ። ታሪኩ ስለሚጥም ሁሉም ይተርከዋል፤ የአንድ ሰው ሙከራ ነው፤ ያሳየውም የጨጓራ መቆጣትን እንጂ ቁስለትን አይደለም። ሚዛን የደፋው ሌላ ነው፦ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሲጠፋ ቁስለቱ የመመለስ ዕድሉ እጅግ ቀነሰ። ሥሩ ጭንቀት ቢሆን ኖሮ አንቲባዮቲክ ምን ይፈይድ ነበር? ሁለቱ በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

አንድ ነገር «እንዴት» እንደሚሠራ ማወቅ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ባክቴሪያው አሞኒያ እያመነጨ በዙሪያው ያለውን አሲድ እንደሚያረክስ መታወቁ ነገሩን አጠንክሮታል። ግን አያቶቻችን ኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ ያወቁት አሠራሩን ሳያውቁ ነው፤ ከ1899 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረው አስፕሪንም እንዴት እንደሚሠራ ተመራማሪው ጆን ቬን ያሳየው በ1971 ነው። እስከዚያ ራስ ምታቱ ሊጠብቅ ኖሯል?

ዛሬም በርበሬ የተከለከለ ወዳጅ ሲገጥመኝ «የባክቴሪያ ምርመራ ታዘዘልህ?» እለዋለሁ። «ምን ያደርጋል፣» ይለኛል፣ «ምክንያቱ እኮ የታወቀ ነው።»