ጉግስ ለጦር ሜዳ ያሰናዳልን?

በበዓል ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ወጥቶ በጃን ሜዳ ጉግስ ሲገጠም የተመለከተ ሰው ሁሉ፥ ፈረሱ ሲጋልብ፥ ዘንጉ ሲወረወር፥ ጋሻውም ሲመክት ባየ ጊዜ «ይህ ጎበዝ በእውነተኛው ጦርነትማ እንደ ምን ይሆን!» ብሎ ማድነቁ አይቀርም። አድናቆቱ የተገባ ነው። ነገር ግን በጨዋታ የሠለጠነ ሰው በእውነተኛው ጠብ ቀን ምን ያህል ይረዳዋል የሚለው ጥያቄ ከአድናቆት ጋር አብሮ የሚያልፍ አይደለም፤ ልጆቻቸውን አንድ ዓይነት የትግል ትምህርት የሚያስይዙ ወላጆች ሁሉ በልባቸው የሚያመላልሱት ስለ ሆነ፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንመረምረው ወደድን።

የጉግስን ሥርዐት ለማያውቁ ጥቂት እንግለጽ። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሁለተኛው ያባርራል። አባራሪው ብረት የሌለውን ዘንግ እንደ ጦር አድርጎ ይወረውራል፤ ሸሺውም ፈረሱን ሳያዘገይ ወደ ኋላው እየተመለከተ በቆዳ ጋሻው ይመክታል፥ ወይም በኮርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ ተራው ይለወጥና ሲያባርር የነበረው ይባረራል።

በዚህ ውስጥ ትልቅ ብልኀት አለ። ዘንጉ ብረት የሌለው በመሆኑ ወርዋሪው እጁን ሳይሰስት ባለ በሌለ ኀይሉ ይወረውራል፤ የሚወረወርበትም ሰው ዝም ብሎ አይቆምለትም። በጃፓን አገር በ1874 ዓ.ም. የጁዶን ትምህርት የመሠረቱት ካኖ ጂጎሮ የተባሉ መምህር በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ከጥንቱ የትግል ጥበብ ውስጥ አካል የሚያጎድለውን ስልት ከልምምዱ ግጥሚያ ለይተው አወጡ፤ ስለዚህ ደቀ መዝሙሮቻቸው የቀረውን ስልት እርስ በርሳቸው በሙሉ ጕልበት ሊሞካከሩበት ቻሉ። እምቢ በሚል ሰው ላይ የተሞከረ ስልት ሳያስቡት ከእጅ ይገባል፤ በአየር ላይ ብቻ የተደገመ ግን የጠብ ቀን ይጠፋል። ፉከራም እንዲሁ ነው፤ ልብን ያሞቃል እንጂ ዒላማ አያስተምርም። (ይህን በማለታችን የሚቀየሙን ፎካሪዎች እንዳሉ እናውቃለን።)

ይሁን እንጂ ጉግስ የማያስተምረው ነገር ብዙ ነው። በጉግስ ሜዳ ሁለቱም ወገን ፈረስ፥ ጋሻና ዘንግ አለው፤ ተራም ይጠበቃል። ጠላት ግን ተራ አይጠብቅም። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በሰዓቲ ምሽግ የተቀመጠውን የኢጣልያን ጦር በግንባር ቢገጥሙት አልሆነላቸውም። በማግሥቱ ግን ለዚያው ምሽግ ርዳታ ሲጓዝ የነበረውን 500 የሚያህል ጭፍራ በዶግዓሊ መንገድ ላይ አግኝተው ከበቡት፤ ያመለጡትም ጥቂቶች ናቸው። ጀግኖቹ በሁለቱም ቀን እነዚያው ነበሩ፤ የተለየው ቦታው ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት በጦርና በጋሻ ብቻ ተማምነው ሳይሆን ብዙ ዓመት ጠብመንጃ ሲገዙና ሲያከማቹ ከቈዩ በኋላ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የሆነውን ማስታወስ ያሳዝናል። የኢትዮጵያ ሠራዊት በጀግንነት አላነሰም፤ የክቡር ዘበኛም ወታደር በአውሮፓ ሥርዐት የተማረ ነበር። ነገር ግን መትረየስና መድፍ ወደ ተጠመደበት ምሽግ በግንባር መሄድ ሆነ፤ ከላይም አይሮፕላን ነበረ፤ በዚያ ጦርነት ለተረጨው የመርዝ ጋዝ ደግሞ የትኛውም ጋሻ አይመክትም። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኰንኖች ያስተምሩበት ዘንድ በሆለታ ገነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ሲሆን፥ ጦርነቱ ሲነሣ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ገና አልፈጸሙም ነበር።

እንግዲህ «ጉግሱ ከንቱ ነበር» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ጉግስን የሚያደንቁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት አባራሪውን ነው፤ የጨዋታው እኩሌታ ግን ሽሽት መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በአገራችን መሸሽ እንደ ነውር ሲቈጠር፥ አባቶቻችን በአደባባይ፥ በመኳንንትና በወይዛዝርት ፊት፥ መሸሽን እንደ ሙያ ያስተምሩ ነበር፤ ይኸውም ጀርባን ሳያጋልጡ መሸሽ፥ አሳዳጁን እያዩ መሸሽ፥ ተራ ሲደርስም ፈረሱን መልሶ ለመግጠም መሸሽ ነው። ከዘንጉ ውርወራ ይልቅ ይህ ለእውነተኛው ውጊያ የሚቀርብ ይመስለናል።

ከማይጨው በኋላ የመጡትን 5 ዓመታት ተመልከቱ። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. አርበኞች ጠላት የያዛትን አዲስ አበባን በልዩ ልዩ አቅጣጫ ቢያጠቁ፥ ክረምቱ ስለ ከበደና የየአቅጣጫው ጦር መልእክት መለዋወጥ ስላልቻለ ከተማይቱን ሊይዙ አልቻሉም። ያን ቀን ማፈግፈግን ነውር ብለው ሁሉም በዚያው ቢያልቁ ኖሮ፥ ቀድሞ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይና ሌሎቹ የሸዋ አርበኞች ጠላትን እስከ 1933 ዓ.ም. ዕረፍት ባልነሡት ነበር። መትቶ መሰወር፥ ተሰውሮም ተመልሶ መምታት ሙያቸው ሆነ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን በአራት ኪሎ ሐውልት ዙርያ የሚከበረው በዓል የእነዚህ ሰዎች ነው።

ዛሬ በከተማችን ያሉ ልጆች በብዛት የሚማሩት ቴኳንዶና ካራቴ ነው። አንድ ወዳጃችን የ16 ዓመት ልጃቸው ብዙ ጊዜ ተምሮ መታጠቂያውን ለውጦ ሳለ፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልኩን ሊቀሙት ከመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ገጥሞ ክንዱን በጩቤ እንደ ተወጋ አጫወቱን። ልጁ ድኗል፤ አባትዬው ግን ከትምህርቱ ያስቀሩት ወይም ያስቀጥሉት እንደ ሆነ ጠየቁን። ልጁ የፈሪ ልጅ አይደለም፤ መምታትም ያውቅ ነበር። ስልኩን ጥሎ መሮጥ ይገባል ብሎ ያስተማረው ግን አልነበረም፤ እንዲያውም መታጠቂያው እንዳይሸሽ አሳፈረው።

ለወዳጃችን የመለስነው እንዲህ ነው፤ ልጁን አያስቀሩት፤ ትምህርቱ ሰውነቱን አጽንቶለታል፥ በሰው ፊት መቆምንም አስለምዶታል። ነገር ግን ሄደው ከአስተማሪው ጋር ይነጋገሩ። ልጁ እምቢ ከሚለው ሰው ጋር በሳምንት ስንት ጊዜ ይገጥማል? ሁለት ሆነው ሲመጡበት፥ ወይም ጩቤ ሲመዘዝበት ምን እንዲያደርግ ተነግሮታል? አስተማሪው «ይሩጥ» ብለው ሳያፍሩ ከመለሱልዎ ልጅዎን እዚያው ይተዉት። ጩቤውን በእጁ እንዴት እንደሚነጥቅ ሊያሳዩዎ ከተነሡ ግን የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ሌላ ቤት ይፈልጉ።