አልጋው ቅንጦት አይደለም

«ባቡር ላይ አልጋ? የፈረንጅ ቅንጦት!» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለመሆኑ ቅንጦቱ የቱ ላይ ነው? ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አዛውንት፣ ይህን ሁሉ መንገድ ቁጭ ብለው ይግፉት? ጋደም ብሎ ፈንታሌን፣ የአዋሽን ሸለቆ፣ የሽንሌን ሜዳ በመስኮት ማየትስ አገርን ማወቅ አይደለም?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ባቡር መንገደኛውን መሀል ከተማ፣ ለገሃር ያወርደው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግን ዳር ላይ፣ ለቡ ያራግፈዋል። በአልጋ ያረፈ ሰው ከጣቢያው ወጥቶ ታክሲ ሲጋፋ ዕረፍቱ ምን ዋጋ አለው? ኮንቴይነር ታክሲ አይጋፋም። ለዕቃው የታሰበውን ያህል ለሰውም ይታሰብ!