ድሪቶ ነው ወይስ ጥበብ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርፌ ነው። አትደንግጡ፤ ክር ስለሚገባበት መርፌ ነው።

ብዙ እናቶች በልጅነታቸው ዳንቴል ሠርተዋል፣ የትራስ ልብስ ጠልፈዋል። ለምን ተዋችሁት ሲባሉ መጀመሪያ «ጊዜ የለኝም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «እንደ እከሊት አያምርልኝም» የሚለው ይወጣል። በእኔ እምነት ትልቁ እንቅፋት ይህ ሁለተኛው ነው። እንደ እከሊት ለመሥራት የተነሳ ሰው የራሱን እጅ ሳያውቅ ይተወዋል።

እስቲ አንድ ምሳሌ ላንሳ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በባርነት ከነበሩ ሰዎች የተወለዱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ያረጀ የሥራ ሱሪ፣ የተቀደደ ሸሚዝና የዱቄት ከረጢት እየቆረጡ፣ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እኛ ድሪቶ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። የሱሪው ኪስ ሲነሳ ከሥሩ ያልደበዘዘ ጨርቅ ይቀራል፤ እሱንም አልደበቁትም፣ የሥራው ጌጥ አደረጉት። መስመሩ ሲጣመም ከተጣመመበት ይቀጥላሉ። አንዳንዱን አሠራር «የራሴ መንገድ» ይሉታል። እነዚህ ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። ከድሪቶ ጥበብ ወጣ!

እናንተስ ከየት ትጀምሩ? ከቤታችሁ። የአባት ያረጀ ሸሚዝ፣ ለልጅ የጠበበ ቀሚስ፣ ነጠላው ያለቀ ጥለት ይበቃል። መጀመሪያ ትንሽ ሥሩ፤ ለትራስ የሚሆን ያህል። ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ብቻ ምረጡ። እራፊዎቹን ከመስፋታችሁ በፊት መሬት ላይ ዘርግታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ፤ ቦታ አቀያይሩ። አምስት ስድስት ከሠራችሁ በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሳታስቡት የደጋገማችሁት ቀለም፣ የምትወዱት ቅርጽ ይታያችኋል። የራስ ስልት የሚባለው እሱ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ የሰፋችውን ስታሳያችሁ «ለምን ጠመመ?» አትበሏት። ስፌቷን ተርትራችሁ እንደገና አትስፉላት። «ይህን ቀለም ለምን መረጥሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷን አዳምጡ። አንዴ የታረመባት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የምትሠራው እናንተን ለማስደሰት ነው። ወንዶቹንም አትከልክሏቸው። ሸማኔዎቻችንና የገበያ ልብስ ሰፊዎቻችን በአብዛኛው ወንዶች ሆነው ሳለ «የሴት ሥራ ነው» ማለት አያስኬድም።

ለረጅም ጊዜ ቤት የዋላችሁ ሕሙማን ደግሞ ይህን አስቡበት። ሕመም ቀኑን ሁሉ በሐኪም ትእዛዝና በሰዓት መድኃኒት ይሞላዋል። በዚህ መሃል ቀለሙን እናንተ የመረጣችሁት፣ ጀምራችሁ የጨረሳችሁት ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም። ግን መስፋት መድኃኒት አይተካም። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ጥቂት ጥንቃቄዎች፦
• መርፌና ስፒል በአፋችሁ አትያዙ፤ ሊዋጥ ይችላል። ስትጨርሱ ቆጥራችሁ አስቀምጡ።
• መርፌና ቁልፍ ትንንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።
• የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ጣታችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ብትወጉ ላይሰማችሁ ስለሚችል ስትጨርሱ ጣቶቻችሁን እዩ።
• በቂ ብርሃን ይኑር። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ ሩቅ ተመልከቱ፤ አንገታችሁንና ጣቶቻችሁን አፍታቱ።

በቤታችሁ ለመወልወያ ልትቀዱት ያሰባችሁት ልብስ ካለ፣ ዛሬ አንድ እራፊ ብቻ አስቀሩለት። የመጀመሪያው ሥራችሁ ቢጣመምም አትጣሉት፤ ከስድስተኛው ጋር የምታስተያዩት እሱን ነው።

መርፌና ክሯን ላስቀመጠች እናት ሼር አድርጉላት። ጤና ይብዛላችሁ!