የአካባቢ ምክር ቤቶች ውሳኔና የነዋሪው መረጃ የማግኘት መብት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ባኮን አለፍ ብሎ የምትገኘው ሲሬ በምሥራቅ ወለጋ ዞን የሲቡ ሲሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። መንገደኛው በአብዛኛው በመኪና መስኮት ተመልክቷት ያልፋል። ለነዋሪዋና በዙሪያዋ ላለው በቆሎ አምራች አርሶ አደር ግን መንግሥት ማለት በቅድሚያ በዚህች ከተማ ያሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ማዘጋጃ ቤቱና ቀበሌው ናቸው። የይዞታ ማረጋገጫ፣ የውኃ ቦኖ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት ጥገና፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚፈጸሙትም ሆነ የሚጓተቱት በእነዚሁ ነው። በመሆኑም “ምክር ቤቱ ምን ወሰነ? የተመደበው ገንዘብስ ምን ላይ ዋለ?” የሚለው ጥያቄ እንደ ሲሬ ባለች ከተማ ከየትኛውም አገራዊ አጀንዳ ያነሰ ክብደት የለውም።

እንደሚታወቀው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእርከኑ በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። ይህ ድንጋጌ በተግባር መተርጎም የጀመረው ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ወረዳዎች የጥቅል በጀት ድጎማ እየተሰጣቸው በራሳቸው ምክር ቤት ማጽደቅ ሲጀምሩ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው በዝርዝር አስቀመጠ። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም መረጃ የማግኘት ክፍሉ በዚያ አልተሻረም። ከሕግ አኳያ ስንመለከተው የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሲተገበር ወረዳዎች የጸደቀላቸውን በጀትና ወጪያቸውን በሠንጠረዥ አዘጋጅተው በአደባባይ እንዲለጥፉ፣ ነዋሪውም ሠንጠረዡን ማንበብ ይችል ዘንድ የበጀት ግንዛቤ ሥልጠና እንዲያገኝ ተደርጎ ነበር። የዜጎች ቻርተርም በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጅምሩ የሚበረታታ ነው። ይሁን እንጂ በሰሌዳው ላይ የሚወጣው አሐዝ በዘርፍ የተጠቃለለ ነው፤ ትምህርት ይህን ያህል፣ ጤና ይህን ያህል፣ ውኃ ይህን ያህል ይላል። የወረዳ ጥቅል በጀት አብዛኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚውል በመሆኑ፣ “ለውኃ ተመደበ” የተባለውን ድምር የተመለከተ ነዋሪ ከዚያ ውስጥ ለባለሙያ ደመወዝ የሚሄደውን ለቧንቧና ለፓምፕ ከሚቀረው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ገንዘቡ ሳይባክን ባከነ ብሎ የሚጠረጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ተጨማሪ መስመሮች ቢጽፍ ኖሮ ሐሜቱ ባልተነሳ ነበር።

ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ የሚያደርገው የሕዝብ መዋጮ ነው። የካፒታል በጀት ጥቂት በመሆኑ የመማሪያ ክፍልም ሆነ የውስጥ መንገድ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በነዋሪው ገንዘብ፣ ጉልበትና ቁሳቁስ ታክሎበት ነው። ያዋጣ ሰው ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል። እዚህ ላይ እድርን ማስታወስ ይገባል። የእድር ገንዘብ ያዥ በጉባኤው ፊት ቆሞ ገቢውን፣ ወጪውንና ከወጪ ቀሪውን ያነባል፤ አባላቱ ይጠይቃሉ፤ ያልተዋጠላቸው ካለ መዝገቡ ይመረመራል። እድር ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ መመሪያና ያለ ፎርማት ነው። ከዚሁ ማኅበረሰብ መዋጮ የሰበሰበ መሥሪያ ቤት ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ የሚችልበት ምክንያት አይታይም።

ሌላው መታየት ያለበት የምክር ቤቶቹ የራሳቸው ሁኔታ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ በመላ ሀገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ የምክር ቤት አባላት ተመርጠዋል። የምክር ቤቶቹን ብዛትና ስፋት በተመለከተ የተነሱ ክርክሮች እንዳሉ ሆነው፣ አደረጃጀቱ የምክር ቤቱን ጉዳይ በየሠፈሩ የሚያወሳ ሰው እንዲኖር አስችሎ ነበር። ተከታዩ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ግን ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫም በኦሮሚያ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም። ነዋሪው ወኪሉን በድምፁ የሚጠይቅበት ጊዜ ሲራዘም በእጁ የሚቀረው መጠየቂያ መረጃ ነው። መረጃውም ከተነፈገው የምክር ቤቱ ስብሰባ በአስፈጻሚውና በአፈ ጉባኤው መካከል የሚቀር ጉዳይ ይሆናል።

በወለጋ የመረጃ መቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ከሌላው አካባቢ በላይ ይታወቃል። ከታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወራት ገደማ በምዕራብ ኦሮሚያ በርካታ አካባቢዎች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከጸጥታው ሁኔታ ጋር በተያያዘ ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ወቅት ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው። ወሬ እንዳይነግሥ የሚያደርገው ደግሞ ሕዝቡ አስቀድሞ የለመደውና የሚያምነው፣ በኔትወርክ ላይ ያልተንጠለጠለ የአካባቢ መረጃ መንገድ ነው። በአሁኑ ጊዜ የወረዳ ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾቻቸው የስብሰባ ፎቶግራፎችን ይለቃሉ። ከፎቶግራፉ ሥር የሚነበበው ግን ብዙውን ጊዜ “ውይይት ተካሄደ” የሚል ነው። ምን እንደተወሰነ፣ ማን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈጽመው አይገለጽም። በዚህ ረገድ የዜና ተቋማትም ከወቀሳ አያመልጡም።

በአንጻሩ አካባቢው የቆየ ልማድ አለው። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚደነገገው በጉባኤ፣ የሚታወጀውም በቃል፣ “ላላባ” በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የሜጫ ኦሮሞ ኦዳ ቢሲል ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ የታወቀ ሥፍራ ነው። የነጋሪት ጋዜጣ ስያሜም ቢሆን አዋጅ በገበያ መሐል በነጋሪት ይነገር ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ያ አሠራር ማንበብ የሚችለውንና የማይችለውን እኩል ያደርግ ነበር። የአፋን ኦሮሞ ማስታወቂያ ለጥፎ መሄድና በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ በአፋን ኦሮሞ አንብቦ ጥያቄ መቀበል የየቅል ናቸው።

የበለጸጉ አገሮች ተሞክሮም ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በእ.አ.አ. 1993 ሕግ መሠረት የአካባቢ ምክር ቤቶች የዓመቱን ረቂቅ ዕቅድ ከማጽደቃቸው በፊት ቢያንስ ለ28 ቀናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ያደርጋሉ። ነዋሪው የሚያየው ረቂቁን እንጂ ያለቀለትን አይደለም ማለት ነው። በዚያው አገር በ2012 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የጋዜጣ ኩባንያ ከ100 በላይ የክልልና የሠፈር ጋዜጦችን ማተም እንደሚያቆም ባስታወቀ ጊዜ በትናንሽ ከተሞች የተነሳው ስጋት “የምክር ቤቱን ስብሰባ ከእንግዲህ ማን ይከታተላል?” የሚል ነበር።

ለእኛ ወረዳዎች በቅርቡ ሊታረም የሚችለው የጊዜው ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በሐምሌ ነው። የወረዳ በጀት ጸድቆ ሠንጠረዡ የሚለጠፈውም በክረምቱ ውስጥ ወይም እንደወጣ፣ አርሶ አደሩ ከማሳው በማይለይበት ጊዜ ይሆናል። ዝናብ የመታው ወረቀት ደግሞ እስከ መስከረም አይነበብም። በቆሎ ተሰብስቦ ገበያው በሚደምቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ ያው ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት ወጪ ጋር እንደገና ቢወጣ፣ የፋይናንስና የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም በገበያው ቀን ከሰሌዳው አጠገብ ቢገኙ፣ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በጥር ለምክር ቤቱ ሲቀርብ የነዋሪው ጥያቄ ከአባላቱ ቀድሞ በአዳራሹ ይደርሳል።