የጓሳ ጉዞ በጀት፦ ብሩ የት ይወርዳል?

«ሁሉን ያካተተ የጓሳ ጉዞ» የሚሉትን ማስታወቂያዎች ታስታውሷቸዋላችሁ። መኪና፣ አስጎብኚ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ፎቶ አንሺ፣ የማታ እሳት። ሁሉም ተካቷል። ያልተካተተው መንዜው ብቻ ነው።

እስቲ በጀቱን አብረን እንሥራው። ቅንጡ አይሁን፣ ድንኳን ተሸክሞ መንከራተትም አይሁን፤ መካከለኛ፣ ምቾት ያለው፣ ለአራት ሰው፣ ለሦስት ቀን። ከአዲስ አበባ እስከ ጓሳ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 520። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢጠጣ 78 ሊትር ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን ዳገትና ጠመዝማዛ የሚያውቅ 90 ብሎ ይይዛል። ነዳጁ ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ይቀዳል። ትልቁ ወጪ የመኪናው ኪራይ ነው፤ ባለመኪናውም፣ አስጎብኚ ድርጅቱም አዲስ አበባ ናቸው። ምግቡስ? «ይዛችሁ ሂዱ» ስለሚባል ፓስታው፣ ቱናው፣ ዳቦው ከሱፐርማርኬት ተጭኖ ይወጣል። የታሸገ ውኃ ሳይቀር! የብዙ ወንዞች መነሻ ወደሆነ ተራራ ውኃ ጭኖ መውጣት የኛ ብልሃት ነው።

መንዝ የሚቀረው የመግቢያ፣ የማኅበረሰቡ ሎጅ የመኝታና የስካውት ክፍያ ነው። ከበጀቱ ትንሿ እሷ ናት። ተጓዡ «ቀንሱልን እንጂ» ብሎ የሚከራከረውም በእሷው ላይ ነው። ለባለመኪናው ያለ አንድ ቃል የከፈለ ሰው ሎጁ በር ላይ ሲደርስ ነጋዴ ይሆናል።

ያ ክፍያ የምንድን ነው? ከ3,200 ሜትር በላይ ያ ሁሉ ሣር፣ ቀይ ቀበሮው፣ የጭላዳው መንጋ እንዲሁ አልተረፈም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል (ስሙን ሰምታችሁ ወደ ቅርቡ ፖለቲካ እንዳትሄዱ፣ የዚህኛው ቄሮ ዕድሜ ብዙ ነው)። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል፤ ደፍሮ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ የአካባቢው ሰው ግን በኮሚቴ መልሶ አቆመው። ገበሬው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚፈልገውን ሣር ሳያጭድ፣ ከብቱን ሳያስገባ የሚቆየው ለኔና ለእናንተ ፎቶ አይደለም። እኛ ግን እናየዋለን። ካየን እንክፈል።

«የመንዝ ሰው ምን የሚሸጥ አለው?» የሚሉ አሉ። ይህን የሚል ሰው በርኖስ ለብሶ አያውቅም። የመንዝ በግ፣ ከሱፉ የሚሠራው ባና፣ የገብሱ ቆሎ፣ በሶው፣ ጠላው፣ አረቄው ምንድን ነው? ከከተማ ዳቦ ጭነው ሲሄዱ ገብስ የሚያበላ አገር ማለፋቸው ካልታያቸው ችግሩ የመንዝ አይደለም።

ፔሩ ውስጥ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ታኪሌ የሚባል ደሴት አለ። ከጓሳ ይልቅ ከፍ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ሰዉ ሱፍ ይፈትላል፣ ወንዶቹም ሹራብ ይሠራሉ። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ደሴተኞቹ ጀልባውን ራሳቸው ያዙ፤ እንግዳውን በየቤታቸው በተራ አሳደሩ፤ የእጅ ሥራቸውን በጋራ ሱቅ በተቆረጠ ዋጋ ሸጡ። የሽመናቸውን ጥበብ ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. ዕውቅና ሰጠው። በኋላ የጀልባውን ሥራ የከተማዋ የፑኖ አስጎብኚዎች ወሰዱባቸው፤ እንግዳው በዛ፣ ገቢው ግን ወደ ከተማ ሸሸ። እኛ ገና ከጅምሩ የፑኖን መንገድ ይዘናል። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን እነዚህን አገሮች ሲጎበኝ ለአስጎብኚ፣ ለማደሪያ፣ ለጉርሻ ለይቶ በጀት ይይዛል። መንዝ ሲመጣ «የራሴ አገር ነው» ይላል።

ለመንዝም የሚባል አለ። መካከለኛ በጀት የያዘ እንግዳ ወርቅ አይጠይቅም። ሙቅ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ በር ላይ የተለጠፈ ዋጋ፣ ደረሰኝ። ዋጋው በሰው ፊት የሚለዋወጥ ከሆነ ተከራካሪውን ልንወቅስ አንችልም። ምግብ የሚያበስሉ የመንደሩ እናቶች በቀን ሒሳብ ቢደራጁ ያ ሁሉ ፓስታ ሱፐርማርኬት ይቀር ነበር።

«ሰላም ሳይኖር ምን በጀት?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በዚሁ ክልል ጦርነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰሜን ሸዋ እንግዳ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረም። ማንንም ዛሬ ተነሥ ሂድ አልልም። ዓመት ከዓመት ያለ እንግዳ የቆየ ማኅበረሰብ ግን ሣሩን በምን አቅም ይጠብቅ? በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የኪራዩ ዋጋ ያንን ተከትሎ ወጣ። መንገዱ ሲከፈት አስጎብኚው ወጪውን የሚያካክሰው ከየት ይመስላችኋል? ከመኪናው አይቀንስም፤ ከስካውቱ ነው።

ስለዚህ ለአስጎብኚ ድርጅቶች አንድ ጥያቄ አለን። ቀጣዩን ማስታወቂያ ስትለጥፉ ከጠቅላላው ዋጋ ስንት ብር መሐል ሜዳና ጓሳ እንደሚቀር በአንድ መስመር ጻፉልን። ይህን መስመር ካላያችሁ፣ አንባቢዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።