የሰርቨሮችን የሥራ ሰዓት መዝግቦ ለሕዝብ ስለ ማሳወቅ

ሱቁን አንድ ቀን ከፍቶ ሁለት ቀን የሚዘጋ ነጋዴ ሸቀጡ ምንም ቢያምር ደንበኛ አይበረክትለትም። ገዢውም ይህን ለማወቅ በደጁ ማለፍ ይበቃዋል። ዛሬ ግን ብዙ ነጋድያን ከደንበኞቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቤት በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ቤቱም የሌላ ሰው ሰርቨር ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ በር መቼ ክፍት፣ መቼ ዝግ እንደ ነበረ መዝግቦ ለማንም በግልጽ የሚያሳይ መሣሪያ እንዲቋቋም ማሳሰብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው እንደ ማስቶዶን ባሉት፣ እርስ በርሳቸው በተሳሰሩ ማኅበራዊ መገናኛዎች ዘንድ ነው። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን አገር በኦይገን ሮችኮ የተጀመረ ሲሆን፣ የሁሉ ጌታ የሆነ አንድ ኩባንያ የለበትም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች፣ አንዳንዶቹ በማኅበር፣ ብዙዎቹም በአንድ ግለሰብ ኪስና ትርፍ ጊዜ እየተዳደሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በጸደቀው አክቲቪቲፐብ በተባለው ደንብ መልእክት ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ትዊተር በኢሎን መስክ እጅ በገባ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደዚህ ስለ ጎረፈ፣ ለጥቂት ሰው የታሰቡ ሰርቨሮች ከአቅማቸው በላይ ተጨናንቀው ነበር።

ነጋዴ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን አይከተሉትም። ተከታዮቹም ቢሆኑ የሚዛወሩት አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ሳለ ነው። በድንገት የጠፋ እንደ ሆነ ለዓመታት የተሰበሰበው የደንበኛ ዝርዝር አብሮ ይጠፋል። ማስቶዶን በይፋ የሚያስተዋውቃቸው ሰርቨሮች ከመዘጋታቸው 3 ወር አስቀድመው ለማስታወቅና በየዕለቱ ቅጂ ለማስቀመጥ ቃል ይገባሉ። መልካም ነው፤ ሆኖም ቃል መግባት ሌላ፣ መፈጸሙን ማየት ሌላ ነው።

«99 በመቶ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያም አያታልለን። በ30 ቀን ውስጥ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ዝግ መሆን ማለት ነው። 99.9 በመቶ ከሆነ ግን 43 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሰዓቱ የዋለው በሌሊት ይሁን በገበያ ቀን ቁጥሩ ስለማይናገር፣ መዝገቡ የተዘጋበትን ሰዓት ራሱን ማሳየት ይገባዋል። የፊት ገጹን አንኳኩቶ መመለስም አይበቃም። ገጹ በደንብ ተከፍቶ እየታየ መልእክቶቹ በወረፋ ተከማችተው ለሰዓታት ሊቀሩ ይችላሉና፣ መሣሪያው የሙከራ መልእክት ልኮ በስንት ደቂቃ እንደ ደረሰ ይለካ። ልኬቱም ከአንድ አገር ብቻ መሆን የለበትም፤ የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠበት አገር ሆኖ የሚለካ ሰው በሰላም የሚሠራውን ሰርቨር በሐሰት ይከሳል። የተዘጉትም ሰርቨሮች ከመዝገቡ አይሰረዙ፤ ከተሰረዙ የሚታየው የደኅኖቹ ብቻ ይሆናል።

የሰርቨር ባለቤቶች «በነጻ እያገለገልን ለምን በአደባባይ እንወቀሳለን» ቢሉ ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። አስቀድሞ የተነገረ የጥገና ሰዓት ለብቻው ይመዝገብላቸው፤ ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ብቻ የከፈተም ሰው ስሙ አይውጣ። ነገር ግን በሩን ለሕዝብ ከፍቶ መዝጋቢ የሚቀበል ሁሉ በሕዝብ ሊታይ ይገባዋል።

የሚቀረው የወጪው ነገር ነው። እስከ ዛሬ ይህን የመሰለ ዝርዝር በግል ተነሣሽነት ያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ዳሩ ግን ዘበኛው ራሱ በአንድ ሰው ኪስ የሚኖር ከሆነ እሱም ሊተኛ ይችላል። ገንዘቡን የሚለኩት ሰርቨሮች ቢከፍሉት ደግሞ ሚዛኑን የሚያምነው አይኖርም። ስለዚህ የተለያዩ አገሮች የንግድ ምክር ቤቶች ወጪውን ተካፍለው፣ በየ5 ደቂቃው የሚለኩ ጥቂት ጣቢያዎችን ከሚለኩት ሰርቨሮች በተለየ ስፍራ ቢያቆሙ፣ መዝገቡንም ያለ ክፍያ ለማንም አንባቢ ቢከፍቱ፣ ለእያንዳንዱ ምክር ቤት የሚደርሰው ድርሻ ከባድ አይሆንም።