«የገበሎ አጥንት ምን አገባን?» ለሚሉ ወገኖች

ውድ አንባቢ፤ ከዐለት ውስጥ የወጣ የጥንት አጥንት ዋጋው ስንት ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ከየት እንደወጣ ካልተጻፈ ምንም ነው እልዎታለሁ። ይህን የምለው ገበያውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የስቴጎሶረስ አፅም በሐራጅ 44.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ሚሊዮን ነው ያልኩት፣ ልብ ይበሉ።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ለልጆቻችን የትምህርት ዕረፍት ጉዞ ሲታሰብ፣ ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ወደ ሞንታና እንውሰዳቸው፣ ገንዘብ የከፈለውን ሁሉ ከሚያስቆፍር የግል የከብት ርባታ መሬት ገብተው የዳይኖሰር አጥንት ያውጡ፣ ያገኙትንም ይዘው ይመለሱ የሚል ነው። ተቃወምኩ። አንድ ወንድሜ ተነስቶ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሃል ይሄ ነው፤ አገራችን በስንት ነገር ተይዛ፣ የገበሎ አጥንት ምን አገባን?» አለኝና ቤቱ ሳቀ። አልተቀየምኩም። የተሰጠኝ ጊዜ ግን 2 ደቂቃ ብቻ ስለነበር የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

አገባን። ታክሲ መንዳት ሳልጀምር ፍቼ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከጀማ ሸለቆ የዛጎል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ያመጡልኝ ነበር። «የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው» የሚሉኝ ነበሩ፤ በሌላው ባንስማማም ባሕር እንደነበረ ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ከዚያ የኖራ ድንጋይ በላይ፣ በሙገር ስም የሚጠራ ከጭቃ የጠጠረ ዐለት አለ። በዚህ ዐለት ውስጥ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርሶች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። ታዲያ ጥርሶቹ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው በምን ታወቀ? ጥርሱን በማገላበጥ አይደለም። አብሮት በዐለቱ ውስጥ ተቀብሮ በቆየው፣ በዓይን በማይታየው የዕፅዋት ብናኝ ነው የታወቀው። አሁን ያስቡት፤ አንድ እረኛ ጥርሱን ፈልቅቆ ለመንገደኛ በ50 ብር ሸጦት ቢሆን ኖሮ፣ ብናኙ እዚያው ገደሉ ላይ ይቀራል፣ ጥርሱ አንድ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል፣ ኢትዮጵያ ዳይኖሰር እንደነበራት የሚመሰክር ነገር ግን አይኖርም። ድንቅነሽን የሰው ዘር ናትና እዚህ አልቀላቅላትም፤ እሷም ብትሆን ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣች ባይመዘገብ ዕድሜዋን ማን ይነግረን ነበር?

«ሕጋዊ ነው» ተባልኩ። አዎ፣ ሕጋዊ ነው። በአሜሪካ በግል መሬት ላይ የተገኘ አጥንት የባለመሬቱ ነው። በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት የጀርባ አጥንት ያለውን እንስሳ ቅሪት ያለ ፈቃድ ማንሳት ያስቀጣል። ያው አንድ ዓይነት አጥንት፣ ከአጥሩ ወዲህ የሕዝብ ቅርስ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሸቀጥ! ሕጉ ፈቀደልን ማለት ለልጅ እናስተምረው ማለት ነው እንዴ?

እዚሁ ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ የቆመችውን «ሱ»ን የማያውቅ የለም። እኔማ ተሳፋሪ ሳደርስ በሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ይህችን ቲራኖሶረስ ሬክስ ሱ ሄንድሪክሰን የምትባል ሴት ኦገስት 12 ቀን 1990 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ አገኘቻት። የቆፈረው ድርጅት ለባለመሬቱ 5,000 ዶላር ከፈለ። መሬቱ ግን መንግሥት ለሕንዶቹ በአደራ ከያዘው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤፍ.ቢ.አይ. መጥቶ አጥንቱን ጭኖ ሄደ። ፍርድ ቤቱም አጥንቱ ከመሬቱ የማይለይ መሬት ነው፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም አለ። (ይህችን አባባል ወድጃታለሁ። አያቶቻችን ስለ ርስት ሲናገሩ ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም።) በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1997 ሐራጅ ወጥታ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ገዢው ሙዚየሙ ቢሆንም በራሱ አቅም አልቻለም፤ ማክዶናልድስና ዲዝኒ ደግፈውት ነው። ሀምበርገር ሻጭ ባይረዳው ኖሮ ዛሬ የማን ሳሎን ውስጥ ትቆም ነበር?

ከዚያ ወዲህ ማን ያባራው! «ስታን» የተባለው ሌላው ቲራኖሶረስ እ.ኤ.አ. በ2020 በ31.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ከ1 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2022 ለአቡ ዳቢ ቤተ መዘክር መሆኑ ተሰማ። እሱስ ዕድለኛ ነው፣ ሕዝብ የሚያየው ቦታ ገባ። ሞንጎሊያ ደግሞ ከበረሃዋ ተሰርቆ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ላይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጫረቱበትን የታርቦሶረስ አፅም በፍርድ ቤት ተከራክራ በዓመቱ አስመለሰች። ታንዛኒያ ግን ገና አላስመለሰችም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ተንዳጉሩ ከተባለው ስፍራ አጥንቱን ሲያስቆፍሩ፣ የአገሬው ሰው በራሱና በትከሻው ተሸክሞ የ4 ቀን መንገድ በእግሩ እየሄደ እስከ ሊንዲ ወደብ አደረሰላቸው። ከ13 ሜትር በላይ የሚረዝመው አፅም ዛሬም በርሊን ቆሟል። የተሸካሚዎቹ የልጅ ልጆች ሊያዩት ቢፈልጉ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ቪዛ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

«ካልተነሳ ዝናብና ንፋስ ይጨርሰዋል» የሚለው መከራከሪያ ግን እውነት አለበት። አጥንት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ የውሃው ማዕድን በየቀዳዳው ገብቶ ድንጋይ ሲሆን ይጠበቃል፤ ዐለቱ ሲሸረሸር ወጥቶ በጥቂት ዓመታት ይፈራርሳል። ስለዚህ ሰብሳቢ ያስፈልጋል። ተራ ሰው አይሰብስብ አልልም። የእንግሊዝዋ ሜሪ አኒንግ የአናጢ ልጅ ነበረች፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከላይም ሪጅስ ገደል የባሕር ገበሎዎችን እያወጣች ለምሁራን ሸጣ ትተዳደር ነበር። ከየት እንዳወጣችው ግን ታውቃለች፣ ትናገራለችም። ካወጣቻቸው ታላላቆቹን ዛሬ ለንደን ቤተ መዘክር ሄደው ማየት ይችላሉ።

በቅርቡ አንድ ተሳፋሪዬ ከሞሮኮ የመጣ የሞሳሶር ጥርስ፣ ከነድንጋዩ፣ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ከየትኛው ንብርብር ነው?» ብለው «ከሱቅ» አለኝ። አየት ሳደርገው ጥርሱ ላይ የሙጫ መስመር አለ፤ በአሸዋና በሙጫ የሚጋግሩት እንዳሉ የታወቀ ነው። አልነገርኩትም፣ ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግሁም፤ ጉርሻም ሰጥቶኛል።

ታዲያ ልጆቹ ይቅሩ? አይቅሩ። ከቺካጎ በመኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ 1 ሰዓት ያህል ነድተን ሜዞንያ ብሬድዉድ የሚባል የኢሊኖይ ግዛት መሬት አለ። በፈቃድ ወረቀት ተገብቶ፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸውን የፈርን ቅጠልና የትናንሽ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የያዙ ድቡልቡል ድንጋዮች ይለቀማሉ። ገበሎ የለበትም፣ ልጆቹ መጀመሪያ ያኮርፉ ይሆናል። ነገር ግን በ1950ዎቹ ፍራንሲስ ተሊ የሚባል የትርፍ ጊዜ ሰብሳቢ ከዚያው አካባቢ ማንም የማያውቀው ፍጡር አገኘና ቀጥታ ወደ ፊልድ ሙዚየም ወሰደው። ዛሬ ፍጡሩ በስሙ ይጠራል፤ የግዛቲቱም መለያ ቅሪተ አካል ሆኗል። እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይያዝ፣ ያነሳበትን ቦታና ቀን ይጻፍ፣ እንግዳ ነገር ካገኘ ለሙዚየሙ ያሳይ። ወጪውም ከሞንታናው ጋር አይወዳደርም።

ድንጋዩን ደግሞ በመዶሻ አይፈነክቱትም። ውሃ ውስጥ ነክረው ፍሪዘር ይከቱታል፣ ያቀልጡታል፣ ይመልሱታል፤ ሳምንታት ቢፈጅም በራሱ ስንጥቅ ይከፈታል። ፍሪዘሩ ውስጥ ከሥጋውና ከበርበሬው ጎን ድንጋይ ያገኙ እናቶች ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም፤ እነሱን ለማግባባት ግን በሚቀጥለው ስብሰባ 2 ደቂቃ አይበቃኝምና ከወዲሁ 10 ደቂቃ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።